ወደ አራተኛ ፎቅ የምትወጣው ቀይ ጫማ

መቼ እንደነበረ ልክ አላስታውስም። ልጄ ሰሎሜ ሁለት ዓመቷን ጨርሳ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ደረጃ ስትወጣ ገና በሁለት እጇ መሬቱን እየያዘች ነበርና። ዓመተ ምሕረቱን ከእኔ አትጠብቁ። እዚህ ዓረብ አገር እኔ ዘመን የማውቀው በዋጋ ነው። ከዶራ የሚነሣው ቫን አምስት መቶ ሊራ ነበር። አንድ እሽግ የዓረብ ዳቦ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ይገዛል፤ ዛሬ ያንኑ ዳቦ ለመግዛት ሰው ኖቱን በላስቲክ አስሮ ነው የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሾፌሩ ሁሉ የአንዲቷኑ ሴት ዘፈን ይከፍታል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሁሉም ያሻውን ያሰማል። ስለዚህ ሰዓት ሳላይ ቀትር ማለፉን ከመንገድ በሚሰማው ዘፈን አውቅ ነበር። ሴቶቹ ትከሻው ከፍ ያለ ኮት የሚለብሱበት ጊዜ ነው፤ ወይም ያ ፋሽን ሊያልቅ አካባቢ።

ይህን ሁሉ ያነሣሣብኝ ዘንቢል ነው። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ልገዛ ዛልቃ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ ሳልፍ አንድ ዘንቢል በገመድ ከላይ እየወረደ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ቀና ስል አንዲት ሴት ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ጎንበስ ብላ "ዓሞ፣ ባለሱቁን ጥራልኝ" አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። መብራት የለም፣ ሊፍቱ ቆሟል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ለዳቦ ብላ ያን ሁሉ ደረጃ አትወርድም። ድሮ የማንኛውም በረንዳ ነበር ይሄ ዘንቢል። መሀል ላይ ሰው በስልክ ማዘዝ ለምዶ ረስቶት ነበር፤ አሁን ተመልሶ መጣ። ባለሱቁን ጠራሁላትና ዘንቢሉ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ቲማቲም፣ ናዕናዕ የሚሉት ናና፣ አንድ እሽግ ዳቦ። የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ። ሳስበው ጫማ ነው የጎደለው።

ያኔ እኔ እዚያው ዛልቃ የአንድ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ናጡር ነበርኩ። ናጡር የሚሉት ዘበኛም፣ ጽዳትም፣ ተላላኪም በአንድ ላይ ነው። ደረጃ ያጥባል፣ ቆሻሻ ያወርዳል፣ የውኃ ሞተር ያስነሣል፣ ማን ገባ ማን ወጣ ያያል። ክፍሌ ከደረጃው ሥር ናት፤ አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ ምስሏ ጠፍቶ ድምፅ ብቻ የቀራት ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ ትልልቅ አበባ ያለበት መጋረጃ። የሰሎሜ እናት የሺ ደግሞ ባዕብዳ ዳገቱ ላይ ካለ አንድ ቪላ ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ ነበረች። ከመጀመሪያ አሠሪዋ ወጥታ ያለ ወረቀት በቆየችባቸው ዓመታት ነው የተዋወቅነው፤ ሰሎሜም ያኔ ተወለደች። በኋላ የባዕብዳዋ ማዳም ወረቀቷን ልታስተካክልላት ተስማማች፤ ግን ልጅ ያላት ሠራተኛ አልፈልግም ብላ ቀድማ ተናግራለች። የሺም ልጅ የለኝም አለች። ሰሎሜ እኔ ጋ ቀረች። እናቷ በየሁለት እሑዱ ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትመጣለች፣ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ትሄዳለች። ኑሯችን ይሄ ነበር።

እኔም ከየሺ አልተሻልኩም። የሕንፃው ጌታ፣ ሁላችንም ሙስዩ የምንለው ሰው፣ ክፍሏ የአንድ ሰው ናት ብሎኝ ነበር። እኔም እሺ ብያለሁ። እሱ የሚኖረው አሽረፊዬ ነው፤ በወር አንድ ቀን መጥቶ ሕንፃውን አይቶ ይሄዳል። የመኪናውን ጡሩንባ ስሰማ "ሰሎሜ፣ መጋረጃ!" እላለሁ። እሷ ሮጣ ከመጋረጃው ኋላ ትቆማለች። ክፋቱ፣ ሆዷ መጋረጃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ እግሯም ከሥሩ ይታያል። ዓይኗን ከጨፈነች ሌላውም የማያያት ይመስላታል። አንድ ቀን ፖስታ የሚያመጣው ሰው ገባና "ማንም የለም እንዴ?" ቢል፣ ከመጋረጃው ኋላ "ማንም የለም!" አለችው። ሰውየው ደብዳቤውን አስቀምጦ ለመጋረጃው "መርሲ" ብሎት ሄደ።

ሕንፃው ሁሉ ያውቃታል፣ ሕንፃው ሁሉ ለሙስዩ ዝም ይልልናል። ጠዋት ባልዲ ገልብጣ በሩ ላይ ትቀመጥና ለሚወጣው ሁሉ "ቦንዡር" ትላለች። ቦንዡሯን ያልመለሰላትን ሰው እስከ መኪናው ትከተለዋለች። የሁለተኛው ፎቅ ጠበቃ ቦርጫም ነበር፤ ሆዱን መታ መታ አድርጋ "ቤቢ?" ትለዋለች። እሱም "የሚመጣው ወር፣ ኢንሻላህ" ይላታል። ይሄ ለወራት ተደጋገመ፤ አንዳቸውም አልሰለቻቸውም። ደረጃ ሳጥብ የራሷ ጨርቅ አላት፤ እኔ ከላይ ወደ ታች ሳጥብ እሷ ከታች ወደ ላይ ታጥባለች፣ መሀል ስንገናኝ ወገቧን ይዛ "ኡፍ፣ ያ አላህ" ትላለች። ማንን እንደምትመስል ሕንፃው ውስጥ ያልታወቀ የለም፤ የአራተኛው ፎቅ ማዳም ኦዴት እንዲህ ነበር ወገባቸውን የሚይዙት። እኔ ሳቄን አላሳያትም ነበር። ካየችኝ ቀኑን ሙሉ ያንኑ እየደጋገመች ሥራ ታስፈታኛለች። ባልዲዬን አንሥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው ማዞር ነበር።

ማዳም ኦዴት አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሁልጊዜ ሮዝ ሮብ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ግን ወደ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው አሳምረው ነው የምታገኟቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ቢጫ ዘንቢላቸውን ከበረንዳ ይለቁታል፤ ውስጡ የሚፈልጉት ተጽፎ አለ። እኔ ከሱቅ አመጣና እሞላዋለሁ፣ "ማዳም፣ ያላ!" ስል ይስቡታል። አንድ ጠዋት ዳቦና በቅዱኒስ የሚሉትን ቅጠል ጨምሬ ገመዱን ላጠብቅ ዞር ስል ሰሎሜ የአንድ እግሯን ጫማ አውልቃ ዳቦው ላይ አስቀምጣለች። ጫማዋ ቀይ ነበረች፤ ቡርጅ ሐሙድ ከመንገድ ዳር የገዛኋት፣ እንድታድግባት ብዬ ሰፋ ያለች፣ ስለዚህ ቶሎ የምትወልቅ። እኔ ሳላስተውል ዘንቢሉ ወጣ። ከዚያ ማዳም ኦዴት በበረንዳው ብቅ አሉ።

"አቡ ሰሎሜ! ይሄን አላዘዝኩም!"

ጫማዋ ተመልሳ ስትወርድ ውስጧ ብስኩት ነበረባት። ሌላ ልጅ ቢሆን ይገርመው ነበር። ሰሎሜ ግን ያዘዘችው ዕቃ እንደደረሰላት ነጋዴ ብስኩቱን አገላብጣ አየች፣ በላች፣ ጫማዋን አጠለቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ በየጠዋቱ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች፤ አንድ ቀን ሙዝ፣ አንድ ቀን የሠርግ ለውዝ ከረሜላ፣ አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ትወርዳለች። ልጅቷ የገባት ይሄ ነው፤ ጫማ ባዶ ይወጣል፣ ሞልቶ ይመለሳል። ስለዚህ በሌላም ቦታ ሞከረችው። የእኔን ሸበጥ ሊፍቱ ውስጥ አስቀምጣ በሩን ዘጋችበት። ሊፍቱ ስድስተኛ ፎቅ ደርሶ ሸበጡን እንዳለ መለሰው። ሊፍቱን ተቆጣችው፣ እግሯን መሬት እየመታች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ነገሩ የተበላሸው ሙስዩ በታክሲ የመጣ ቀን ነው። መኪናው ጋራዥ ገብቶ ነበር፤ ጡሩንባ የለም። እኔ ጣሪያ ላይ ታንከሩን ሳይ እሱ ገብቶ፣ የሚያንጠባጥበውን የማዳም ኦዴትን ኩሽና ጣሪያ ሊያይ ወጥቷል። ሰሎሜ ተኝታለች፣ አላያትም። እኔ ወረድኩ፣ ልጅቷ ነቃች፣ ቀደም ብሎ የተለቀቀውን ዘንቢል ሞላሁና "ማዳም፣ ያላ!" አልኩ። ለካስ ሙስዩ፣ ጨዋ ሰው ነውና፣ "አንቺ ተቀመጪ፣ ጉልበትሽን ያምሻል፣ እኔ እስበዋለሁ" ብሏቸው ኖሯል። ከታች ሆኜ ቀና ስል ገመዱን የሚስበው እጅ የወርቅ ሰዓት አለው። ዘንቢሉ ሁለተኛ ፎቅ አልፏል። ወደ ልጄ እግር አየሁ። አንዱ ባዶ ነው።

"መጋረጃ!" አልኳት፤ ሮጠች። ሙስዩ በደረጃው ወረደ፣ ጫማዋን በሁለት ጣቱ ይዞ።

"ይሄ የማን ነው?"

"እኔ እንጃ ሙስዩ። ከመንገድ የወደቀ ይሆናል" አልኩ።

አሁን ስጽፈው ራሱ ያን ቃል ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብያለሁ። መጋረጃው ተከፈተ። ሰሎሜ በአንድ እግር ጫማ እየተውረገረገች ወጣች፣ ቀጥ ብላ ሙስዩ ፊት ቆመች፣ ጫማዋን ከእጁ ወሰደች፣ እጇን እስከ ጫፉ ድረስ ከትታ ፈተሸች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

"ፋዲ" አለችው። ባዶ ነው ማለቷ ነው። ጫማዋን መልሳ ሰጠችው።

ሙስዩ ጫማዋን ይዞ ቆመ። ምን እንደሚጠበቅበት የገባው ይመስለኛል። ኪሱን ዳሰሰ፣ ቁልፍ አወጣ፣ መሀረብ አወጣ፣ በመጨረሻ አንድ የሚንት ከረሜላ አገኘና ጫማው ውስጥ ጨመረላት። እሷም "መርሲ" ብላው ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ወረቀት አላት?"

"የላትም ሙስዩ።"

"እኔ መጥፎ ሰው አይደለሁም፣ ታውቃለህ። ግን አንድ ነገር ቢደርስባት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደረጃ ሥር ልጅ አይኖርም፣ ያኒ አይሆንም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቦታ ፈልግላት። ካልሆነ አብራችሁ ትወጣላችሁ።"

ማዳም ኦዴት ከላይ በደረጃው መሀል አጎንብሰው ይሰሙ ኖሯል። "የእኔ ናት በለው! እኔ ጋ ናት!" ብለው ጮኹ።

"ማዳም፣ ሰባ ስምንት ዓመትሽ ነው" አለ ሙስዩ።

"ታዲያ? ሣራስ በስንት ዓመቷ ወለደች?"

ጠበቃው በሩን ከፍቶ ሳቀ። ሙስዩም ፈገግ አለ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። እኔም አልፈረድኩበትም። ሥራዬ ከሄደ ክፍሌም አብሮ ይሄዳል፤ ክፍሌ ከሄደ ልጅቷን ይዤ የት እገባለሁ?

የሺ የምትደውለው ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ስትወጣ ነበር። ነገሩን ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም፣ ወይም ቀድማ አስባው ነበር። "እናቴ ጋ ጉለሌ ትሂድ። ሙሉ የምትባለው ጓደኛዬ ኮንትራቷን ጨርሳ በወሩ መጨረሻ አገር ልትገባ ነው፤ ይዛት ትሂድ" አለች። እሺ አልኩ። የጉዞ ወረቀቷን በብዙ ምልልስ አወጣን፤ ቀኑ ረቡዕ ሆነ። በሌላ ቀን ደግሞ ደወለችና "ጸጉሯን አሠርተህ ላካት፣ እናቴ ጨብራራ ሆና እንዳታያት" አለችኝ። "አንቺስ?" ልላት ነበር፤ ከረቡዕ በፊት ያለው እሑድ የእሷ እሑድ አልነበረም፣ ረቡዕ ሳታያት ትሄዳለች ማለት ነው። "ማዳሜ እየጠራችኝ ነው፣ ኸላስ" ብላ ዘጋችው። እኔም ሄጄ ደረጃዬን አጠብኩ።

ሹሩባ የምትሠራ አንዲት የወሎ ሴት ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የሚባል ሰፈር አለች አሉኝ። እሑድ ጠዋት ሰሎሜን ይዤ በሁለት ቫን ሄድኩ። ከአትክልት ገበያው ጀርባ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ፣ ስድስት ሴቶች ሆነው የተከራዩአት አንዲት ክፍል ናት። ሴትዮዋ እሑድ ሹሩባ ትሠራለች፤ በሌላው ቀን እናቶቻቸው ሰው ቤት የሚሠሩ ሦስት ሕፃናት ታሳድራለች። ሰሎሜ እንደ ገባች "ቦንዡር" ብላ ጫማዋን አወለቀችና ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ልጃገረዶች ፊት ለፊት በተራ እያስቀመጠች ቆመች። ሹሩባው ሳይጀመር ጫማዋ ሞልቷል፤ ኦቾሎኒ፣ ማስቲካ፣ አንዲት የጆሮ ጉትቻ። ከዚያ ከሠሪዋ ጉልበት መሀል ተቀመጠች፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ የሴትዮዋን አገጭ ያዘች፣ "ያላ" አለቻት።

"ኧረ ጉድ! አዛዥ ናት እኮ ይቺ" አሉ ልጃገረዶቹ።

"ጋሼ፣ ለምን በዓል ነው የምሠራት?" አለችኝ ሴትዮዋ፣ እጇ እየሠራ።

"በዓል አይደለም። ረቡዕ ወደ አገር ትሄዳለች።"

"ከእርስዎ ጋር?"

"ከሰው ጋር።"

መሥራቷን ቀጠለች። ከግራ ጆሮዋ ጀምራ እስከ መሀል አናቷ ድረስ አምስት መስመር፣ ቀጭን፣ የተስተካከለ። አምስተኛውን ጫፉን አሰረችና ማበጠሪያውን መሬት አስቀመጠች።

"ጨረስኩ።"

"ግማሽ እኮ ነው" አልኳት።

"አዎ፣ ግማሽ ነው።"

ልጃገረዶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። "የእኔዋን ልክ በዚህች ዕድሜ ነው የላክኋት፣ በሰው እጅ፣ እንዲሁ አሳምሬ ሠርቼ። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ስደውል 'ደህና ነሽ አክስቴ' ትለኛለች። እናቴን እማዬ ትላለች፣ እኔን አክስቴ። ምን ታድርግ፣ አልፈርድባትም።" ሰሎሜን አቀናችና ቀሚሷን አስተካከለችላት። "እዚህ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ አራተኛዋ አትከብደኝም። እርስዎ እየመጡ ያዩአታል፣ እናቷም በእሑዷ ትመጣለች። ከቀረች ሌላውን ግማሽ እሠራለሁ። የምትሄድ ከሆነ ግን እንዲሁ ትሂድ። እዚያ የሚጨርስላት አይጠፋም።"

"እናቷ ወስናለች እኮ።"

"እናቷን ይጠይቋት። እኔ ሌላ አላልኩም።"

እንዲያው ሆኖ ተመለስን። ግራዋ ሹሩባ፣ ቀኟ ወደ ላይ የቆመ ጸጉር። ቫኑ ውስጥ አንድ ሰውዬ "ይሄ አዲስ ፋሽን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሰሎሜ መጀመሪያ ግራዋን አሳየችው፣ ቀጥላ ቀኟን፣ ከዚያ እንዲመርጥ ጠበቀችው። ማዳም ኦዴት ከበረንዳቸው አይተውን "ምነው፣ ሠሪዋ መሀል ላይ ሞተች?" አሉ። እኔ ዘንድ ግን ያ ምሽት ረጅም ነበር። የሴትዮዋን ነገር ለየሺ ባልነግራት ማንም አይወቅሰኝም፤ ረቡዕ መጥቶ ያልፋል። ብነግራት ደግሞ እዚያ ሰገነት ላይ ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ሰኞ ደወለች።

"ተሠራች?"

"ግማሽ።"

"ምን ማለት ነው ግማሽ?"

ነገርኳት። አንዱንም አላስቀረሁም፣ አክስቴ የሚለውንም። ያሰጣችው አንሶላ በንፋስ ሲመታ ብቻ ይሰማኛል።

"ከየት እስከ የት ነው የተሠራችው?" አለች በመጨረሻ።

"ግራዋ ልቅም ያለ ነው። ቀኟ ጨብራራ ነው።"

"እሷስ ምን ትላለች?"

"ኮርታለች። ለሰው ሁሉ እያሳየች ነው። ጠበቃውን ጎንበስ አሰኝታ አስነካችው።"

አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ልቅሶ መሰለኝና ስልኩን አጥብቄ ያዝኩ። ሳቅ ነበር። ባዕብዳ ከገባች ጀምሮ በዚያ ስልክ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ቆይታ ቆይታ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"በል ወስደህ አስጨርሳት" አለችኝ። "ለጓደኛዬ ለሙሉ እኔ እነግራታለሁ። ማዳሜ እየጠራችኝ ነው።"

ማክሰኞ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዤ ወሰድኳት። ሴትዮዋ ማበጠሪያዋን አንሥታ ተቀመጠች። ሰሎሜ ሦስት ዓመት አካባቢ እዚያ ቆየች። እኔ ደረጃዬን ባጠብኩ ማግስት ሁሉ በሁለት ቫን እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ ስደርስ ሰሎሜ ሥራ ስለበዛባት "ጠብቅ" ትለኛለች፣ ሦስቱንም ልጆች እሷ ነበረች የምታስተዳድራቸው። በኋላ የየሺ ወረቀት ተስተካከለ፣ ከአዳሪነት ወጣች፣ ዶራ አንዲት ክፍል ተከራየንና ሦስታችንም አንድ ጣሪያ ሥር ገባን። ዛሬ ሰሎሜ ትልቅ ሴት ናት። ጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ ሆና ሰው ታስተናግዳለች፤ ተራ ያዝ፣ ተቀመጥ፣ ጠብቅ። ከዚያ ሁሉ አንዱንም አታስታውስም። ስለ ሙስዩ ከረሜላ ስነግራት "ባባ፣ ትጨምራለህ" ትለኛለች። አልጨመርኩም።

ሴትዮዋ እኛ ወደ ዶራ ከገባን በኋላ ብዙ ሳትቆይ አገሯ ገባች። ልጄ ዘንድ ልሂድ አለች፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘናት። መጀመሪያ ላይ እንደዋወል ነበር። ከዚያ የእሷ ቁጥር ተቀየረ፣ የእኔም ተቀየረ፣ ጠፋፋን። ረጅም ሴት ናት። ሹሩባ የምትሠራው በግራ እጇ ነው፣ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች፣ ቤታችን ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ነው ትል ነበር። ስሟን እስካሁን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ አንባቢ መጨረሻ ያነበበውን አይረሳም ሲሉ ስለሰማሁ ነው። የሚያውቃት ካለ፣ ሰሎሜ ደህና ናት ይበልልኝ። ልጇም አሁን ሴት ሆናለች፤ አክስቴ ማለቷን ትታ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሴትዮዋ ሐዋ ትባላለች።